የሚቆየው ይቅደም፦ ገናን በደሴና በኮምቦልቻ ሳይቻኮሉ መቀበል

የዓውደ ዓመት ድካም ከሥራው ብዛት ይልቅ ከሥራው መደራረብ የሚመጣ ይመስለኛል። ጠላ በሁለት ቀን አይደርስም፣ እርጥብ በርበሬ ወፍጮ አይገባም፣ ጥበብ በዋዜማ ታዝዞ በዋዜማ አይለበስም። ሁሉም የየራሱ ጊዜ አለው። ጊዜውን የነፈግነው ሥራ ሁሉ ታኅሣሥ 27 እና 28 ላይ ተሰብስቦ ይመጣና፣ የቤቱ እናት በልደት ሌሊት ቅዳሴ ላይ ቆማ እንቅልፍ ስትታገል ታድራለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ በዓሉ ለእሷም ነውና።

ገና ደግሞ ሁለት ጸጋ አለው። እንደ ፋሲካ ረጅም ጾም ይቀድመዋል፤ እንደ ፋሲካ ግን ቀኑ አይዘዋወርም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ 44 ቀን ይጾማል፤ 40ው የነቢያት፣ ሦስቱ የአብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ፣ የመጨረሻው ገሃድ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል፤ ያን ዓመት ከዚህ በታች የምሰጠውን የሥራ ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ማስቀደም ነው። ከዚያ በቀር አንድ ጊዜ በደንብ የተያዘ አቆጣጠር በየዓመቱ ያገለግላል። በመካከል ያሉት በዓላትም ምልክት ይሆናሉ፦ ኅዳር 21 ጽዮን፣ ታኅሣሥ 3 በዓታ፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 24 ተክለ ሃይማኖት። ቀን ከመቁጠር ይልቅ «ይህ ከበዓታ በፊት፣ ያ ከገብርኤል በኋላ» ብሎ መያዝ ለጭንቅላትም ይቀላል።

ሥራውን ለመደልደል የምመክረው መንገድ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር «ቢቆይ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ። በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ብቅል፣ ሽሮ፣ ማር፣ ከሰልና ማገዶ ቢቆዩ አይጎዱም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ይሻላሉ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ዶሮና ቄጤማ አይቆዩም። ጠላና ጠጅ ደግሞ በመካከል ናቸው፤ ቀን አላቸው፣ ቢቀድሙም ቢዘገዩም ይበላሻሉ። የሚቆየውን ሁሉ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ከጨረሳችሁ ለመጨረሻው ሳምንት የሚቀረው ሥራ አንድ ሰው ሳይጨነቅ የሚችለው ነው።

ይህን ሁሉ ከማለቴ በፊት ግን ስለ አየሩ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው መንገዱ፤ በጓዳ ሥራ ግን ልዩነቱ የቀናት ነው። በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት በጣም ይበርዳል፤ ሊጥ ተኝቶ ያድራል፣ ጥንስስ አልፈላ ብሎ ያስጨንቃል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ሊጥ ከንጋት በፊት ከዕቃው ይፈሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለች እህት ለደሴዋ እህቷ በስልክ «እኔ ዛሬ ጠነሰስኩ፣ አንቺስ?» ብትላት፣ የደሴዋ ቀድሞ መጠንሰስ ነበረባት። የሌላውን ቤት ቀን መከተል ለማንም አይሆንም፤ የራስን ጓዳ ሙቀት ማወቅ ነው የሚበጀው።

በርበሬን ከሁሉ አስቀድማለሁ። የኅዳር ፀሐይ ለደሴ ትልቅ ስጦታ ናት፤ ክረምቱ ሄዷል፣ ቀኑ ጥርት ያለ ነው፣ አዲሱ ዛላም ገበያ ላይ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ስትገዙ ዛላውን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ አወዛውዙት፤ የደረቀ በርበሬ ፍሬው ይንሿሿል። ሲታጠፍ የሚለመጥ ከሆነ ውስጡ እርጥበት አለ፣ በሚዛን የምትከፍሉት ለውሃ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ሲሰበር ከውስጡ አቧራ የሚቦንበትን ተዉት፤ ሻጋታ ነው፤ ምንም ቅመም አያድነውም።

ለ5 ኪሎ ዛላ አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ ጥቂት እስር በሶብላና ጤና አዳም ለመደለዣ ይበቃል። ለማድረቂያው ሩብ ኪሎ ኮረሪማ፣ መቶ መቶ ግራም ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ ኪሎ የታመሰ ጨው። ቅርንፉድና ቀረፋ እንደ ቤቱ ልማድ ነው፤ እኔ ቅርንፉድ ሲበዛ አልወድም፣ ወጡን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ዛላው ተቀንጥሶ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይወቀጥና ከእርጥብ ቅመሙ ጋር ይደለዛል፤ ታፍኖ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያድራል፤ ከዚያ እንደገና ፀሐይ ላይ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ላይ ፀሐይ እንደዘቀዘቀች ጤዛው ይወርዳል፤ ስጡ ውጭ ካደረ ቀን የደረቀውን ሌሊት ያጠጣዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ቤት አስገቡት፤ ጠዋትም ጤዛው እስኪተን ድረስ፣ እስከ 3 ሰዓት አታውጡት። በዚህ አያያዝ ደሴ ላይ አምስት ስድስት ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል። ደረቀ የሚባለው በእጅ ሲፈረፈር ነው። እርጥቡን ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት በድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ይሞቃል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ቤት ከተቀመጠ በኋላም ይሻግታል። ከወፍጮ የተመለሰው በርበሬ ትኩስ ነው፤ ወዲያው ክዳን ከተገጠመበት ያልባል። ሰፌድ ላይ ዘርግቶ አቀዝቅዞ ነው ወደ ዕቃው የሚገባው።

ብቅል በዚሁ ሰሞን ይደረግ። አንድ ቀን የተዘፈዘፈ ገብስ ወይም ስንዴ በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ በሦስትና በአራት ቀን፣ ደሴ ላይ በአምስትና በስድስት ቀን ይበቅላል። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል ድንጋይ ተጭኖበት ሁለት ቀን ያድርና ይሰጣል። ደርቆ ለወራት ይቀመጣል፤ ሥራውን ወደ ታኅሣሥ የምንገፋበት አንድም ምክንያት የለም።

ቅቤ ጾሙ ሲያጋምስ፣ ከታኅሣሥ 5 እስከ 12 ባለው ጊዜ ቢነጠር መልካም ነው። በጾም ፈላጊው ያንሳል፤ በዓሉ ሲቀርብ ሁሉም ይወጣል፣ ዋጋውም ይወጣል። ሲገዙ ጥቂት በመዳፍ ላይ አሽቶ ማሽተት ነው፤ ንጹሕ ቅቤ በመዳፍ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል፣ የወተት ሽታ አለው። የረጋ ዘይት የገባበት መዳፍ ላይ ይንሸራተታል፣ ሽታውም ደረቅ ነው። ሦስት ኪሎ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ይወጣዋል፤ ቀሪው ውሃና አንጉላ ነው። ስለዚህ ለበዓል የሚያስፈልጋችሁን ከተነጠረው ላይ ቁጠሩ።

ሲነጠር እሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝግ ያለ ይሁን። ቅቤው ቀልጦ አረፋው ሲነሣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ እርድና የተቆላ አብሽ ይከተላሉ። መድረሱን ጆሮ ያውቀዋል፤ ውሃ እስካለው ድረስ ይንጣጣል፣ ውሃው ሲያልቅ ዝም ይላል፣ ላዩም ጠርቶ የድስቱ ታች ይታያል። በዚያች ደቂቃ ማውረድ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከወረደ ውስጡ የቀረው ውሃ ከጊዜ በኋላ ያመጣበታል፤ ከዚያ ካለፈ ታች የዘቀጠው ይቃጠልና ምሬቱ እስከ ወጡ ይከተላል። የጾም ወቅት ስለሆነ መቅመስ የለም፤ በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህ ችሎታ ከእናቶቻችን የወረስነው ትልቅ እውቀት ነው፤ ልጆች ከጎን ቆመው ሊማሩት ይገባል።

ጠላ ላይ ብዙ ልቆይ። ሽታውና ለዛው የሚወሰነው ከመጠንሰሱ በፊት በዕቃው ነው። ገኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ፕላስቲክ በርሜል የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ በርሜሉ ጭሱን እንደ ሸክላ አይዝም፣ ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ጥንስስ በታጠነ ሸክላ አድርጎ ኋላ ወደ በርሜል መገልበጥ ይሻላል። ለ40 ሊትር ገደማ አንድ ኪሎ ጌሾ፣ ሁለት ኪሎ ብቅል፣ ለእንኩሮና ለቂጣ ደግሞ ስድስት ሰባት ኪሎ ዱቄት ይያዝ።

ደሴ ላይ ጥንስሱ ታኅሣሥ 14 ይጣል፤ የተወቀጠ ጌሾ ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ። ታኅሣሥ 18 ቂጣው ተጋግሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቆራርሶ ከቀረው ብቅል ጋር ይገባል። ታኅሣሥ 21 እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። ታኅሣሥ 25 ውሃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል፤ ለበዓሉ ይደርሳል። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ሁሉ ይታጠፋል፦ ጥንስስ ታኅሣሥ 19፣ ቂጣ 21፣ እንኩሮ 23፣ ውሃ 26። ቀኑ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሚከተለው ያለፈው ሲፈላ ነው። ጥንስሱ ላይ አረፋ ካልታየ፣ ጆሮ ሲያስጠጉ ካልተሰማ፣ ቂጣውን አታስገቡ። ይልቅ ገኑን ከግድግዳው አርቃችሁ ምድጃው አጠገብ አምጡት፣ በጋቢ ወይም በጆንያ ጠቅልሉት፤ የደሴ ግድግዳ ሌሊት ብርዱን ወደ ዕቃው ያስገባል።

ጠላን የሚያበላሹት በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ናቸው። ትኩስ ቂጣ ወይም ትኩስ እንኩሮ ማስገባት፤ ሙቀቱ እርሾውን ይገድለውና ጠላው ሞቶ ይቀራል። አፉን ሳያጠብቁ መተው፤ አየር ሲገባው ይሆመጥጣል። ውሃውን ከሚገባው ጊዜ ቀድሞ መሙላት፤ ለበዓሉ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ውሃ ውሃ ይላል። ለአንድ ቀን እንግዳ 40 ሊትር የማያስፈልገው ቤት ደግሞ ድፍድፉን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ለገና ሞልቶ ግማሹን ለጥምቀት ማቆየት ይችላል። በሁለቱ በዓላት መካከል 12 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ በደሴ ብርድ ድፍድፍ በደንብ ከታፈነ ይቆያል።

ጠጅ የሚጥል ሰው ከኅዳር መጨረሻ ሳያልፍ ይጣለው። አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውሃ፤ ጌሾው ከሳምንት ያህል በኋላ ይወጣል። በብርድ አገር ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጠጅ ብሎ ማቅረብ ብርዝ ማቅረብ ነው።

ልብስን በአጭሩ፦ ሸማኔና ልብስ ሰፊ ኅዳር ውስጥ ይታዘዙ፤ ከገብርኤል በኋላ የሚቀበል ሰፊ ቢገኝም በችኮላ ነው የሚሠራው። የልጆች የገና ዱላም ቀድሞ ይቆረጥ። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ እንጨት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ጥላ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ወይም በዋዜማ የተቆረጠ ዱላ ሩሩን በመታ ቁጥር ይሰነጠቃል።

በግ የቦታ ጉዳይ ነው። ግቢና ሣር ያለው ሰው ከታኅሣሥ 15 በፊት ገዝቶ ማሳደር ያዋጣዋል፤ የሚያስርበት ቦታ የሌለው ግን እስከ 27 ይጠብቅ፣ ጎረቤት ግቢ ለምኖ ማሰር ለሁሉም ጭንቅ ነው። ጀርባውን በመዳፍ ያዙት፤ የአከርካሪው አጥንት በጣት እየተቆጠረ ከተሰማ ፀጉሩ ነው የሚያታልላችሁ። ሁለት ቋሚ ጥርስ ያበቀለ ሥጋውም ጥርስ አያደክምም፣ ላቱም ይሞላል። ገዝታችሁ ያመጣችሁትን በግ ያን ዕለት እህል አታብሉት። መኖ በድንገት ሲቀየር ሆዱ ይነፋል፣ በዓሉን ሳያይም ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ትንሽ በትንሽ ፉርሽካ። ከመታረዱ በፊት ባለው ሌሊት መኖ ይከልከል፣ ውሃ ግን ይሰጠው። ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ሰው ማሰባሰቡ ከገብርኤል በፊት ይለቅ፤ በመጨረሻው ቀን አንድ ሰው ሲጎድል መደቡ ለቀሩት ይከብዳል።

ወሎ ውስጥ ዝግጅቱ ከአንድ ቤት አይዘልቅም ማለት አይቻልም። ከግድግዳው ወዲያ ሙስሊም ጎረቤት አለ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ቤት ውስጥ አክስት ክርስቲያን፣ አጎት ሙስሊም ናቸው። የእነሱን መስተንግዶ በዋዜማ ማሰብ አያምርም። የሚታረደው ለየብቻ ስለሆነ፣ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ዶሮ ወይም በግ ከነነፍሱ ለጎረቤት ሰጥቶ በእነሱ እጅ እንዲታረድ፣ ቢቻል በእነሱ ድስት እንዲሠራ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። በራሳችሁ ቤት ከተሠራም ድስቱ፣ ጭልፋውና ሰሃኑ የተለየ ይሁን፤ ማን እንደሚያርድ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይነገር። «እትዬ ዘይነባ ሳትመጣ ገና አልገባም» የሚባልበት ሰፈር ላይ፣ እትዬን በዓሉ ቀን ጠዋት ተሯሩጦ መጥራት ክብሯን ይቀንሳል። በዓሉ ዓርብ ከዋለ ጥሪው ከጁምዓ በኋላ ይሁን። ለመጠጥ ብርዝ ወይም ከሪቦ ይዘጋጅ፤ ከሪቦ ገብሱ በደንብ ጠቆር ብሎ ተቆልቶ፣ ተቀቅሎና ተጠልሎ ከስኳርና ከጥቂት እርሾ ጋር አንድ ሌሊት የሚያድር ስለሆነ ታኅሣሥ 28 ማታ ይበቃዋል። ድፎውንም ቅቤና እንቁላል ሳይነካው መጋገር ነው፤ ያኔ አንዱ ዳቦ ለሁሉም ይቆረሳል።

አሁን ወደ መጨረሻው ሳምንት። ቀይ ሽንኩርት ከታኅሣሥ 15 ጀምሮ ሊገዛ ይችላል፤ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ፣ በጆንያ ወይም በቅርጫት። በፌስታል ከታሰረ ያልባል፣ ይበቅላል፣ ውስጡ ይለሰልሳል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ልክ ነው፤ ዶሮው ትልቅ ከሆነና እንግዳ ከበዛ ሦስት።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው የዶሮውን ቁሌት ታኅሣሥ 27 ላይ መሥራትን ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በመጠነኛ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይበስላል፤ ዓይን ላይ የሽንኩርት ቅርጽ እስኪጠፋ ድረስ። በርበሬው ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ ገደማ ይገባና ውሃ ጠብ እያለለት ሌላ አንድ ሰዓት ይቁላላ። ቅቤ ገና አልገባበትም፣ ዶሮም የለበትም፤ ጾም ነው። ስለዚህ ይቀመሳል! የበርበሬው ጥሬነት መልቀቁን፣ ጨውን፣ ማቃጠሉን በምላሳችሁ ታውቃላችሁ። በዋዜማው ቅቤ ከገባ በኋላ ግን የሚቀምስ ካልጾመ ሕፃን በቀር ሰው የለም። ጨውን ግን ገና ጎደል አድርጉት፤ ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ስለሚገባ የራሱን ጨው ይዞ ይመጣል። ቁሌቱ ደሴ ላይ ተከድኖ በብርዱ ያለ ፍሪጅ ያድራል፤ ኮምቦልቻ ላይ ፍሪጅ ከሌለ ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ማፍላት ያስፈልጋል። የተረፈው ሥራ ታኅሣሥ 28 ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ዶሮው 28 ጠዋት ይታረድ፤ 12ቱ ብልት ወጥቶ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠብና በሎሚና በጨው ይዘፍዘፍ። የደሴ ሰው ያልተረዳው ምክንያት ብዙ ጊዜ ያናድደዋል፦ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 94። ስለዚህ ያረጀ የሀበሻ ዶሮ ደሴ ላይ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳት በመጨመር አይበስልም፣ ውሃው ይተናል፣ ቁሌቱም ያራል። ክዳን ገጥሞ በዝግታ መተው ነው። እንቁላሉም ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆይ። ቅቤው፣ ለአንድ ዶሮ 300 ግራም ያህል፣ ከዶሮው ጋር ይገባል፤ መከለሻው ሊወርድ ሲል።

እንጀራውን ታኅሣሥ 27 ጋግሩ። ዋዜማው ላይ የከተማው ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሰካ መብራት ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ምጣዱ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም። ሊጡ ደሴ ላይ 23 ማታ፣ ኮምቦልቻ ላይ 25 ጠዋት ይቦካ። ድፎ ዳቦ 28 ጠዋት የሚጋገር ከሆነ ሊጡ ደሴ ላይ 27 ማታ ይቦካና ሙቅ ቦታ ይደር፤ ኮምቦልቻ ላይ ንጋት ላይ ቢቦካ ይደርሳል። ለሦስት ኪሎ ዱቄት አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ሊጡ የሚያርፍበት የሙዝ ቅጠል በእሳት ላይ ቶሎ ይለፍ፣ ያኔ ይለመጣል። ከላይና ከታች ያለው ፍም እኩል ይሁን፤ የታቹ ሲበረታ ቂጡ ያርና መሐሉ ሊጥ ይሆናል። ስንጥር ሰክቶ ደርቆ ከወጣ በስሏል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ ታኅሣሥ 28 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ታጥቦ፣ ነጠላ ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ይቻላል። ጋቢው አይረሳ፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊት ቀልድ አያውቅም። ከቅዳሴ መልስ ሲገደፍ ደግሞ በጥቂቱ። 44 ቀን ቅቤ ያላየ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ቀኑን ሙሉ ያማል፤ ሌሊት ትንሽ ወጥ በእንጀራ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ በኋላ ዋናው ማዕድ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል፤ በዚህ የሚጨነቅ ወጣት አንዳንዴ አለና ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ብዙ ነው። ለእሱ ወይም ለእሷ የምለው ሌላ ነው፦ ጠላውን ተዉት፤ ከጎረቤት አምስት ሊትር ከሁለት ቀን በፊት ማዘዝ ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ቅቤ በበዓታ ሰሞን ንጠሩ። በርበሬ ከቤተሰብ በጣሳ ይምጣ። እንጀራ ከምትሸጠው ሴት ታኅሣሥ 25 ላይ እዘዙ፤ ዋዜማው ቀን ያልቅባታል። ዶሮ ለሁለት ጓደኛ አንድ ይበቃል፤ ቁሌቱን ከሥራ መልስ 27 ማታ መሥራት ይቻላል፣ አንድ ምድጃ ያለው ሰውም አይቸገርም።

ደሴ ወላጆቹ ጋር የሚወጣ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ከቀትር በፊት መኪና ይያዝ፤ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ይጨናነቃል። ባዶ እጅ አይወጣም፤ ሎሚና የሙዝ ቅጠል ኮምቦልቻ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ደሴ ላይ ለድፎ ይፈለጋል። ቅጠሉን አትጠፉት፣ በደረቱ በኩል ጠቅልሉት እንጂ፤ የታጠፈ ቅጠል በእጥፋቱ ይቀደድና ሊጡ ከሥር ያመልጣል።